የሲኒ ሥር ሃያሲ

«ፊልም ድሮ ቀረ!» አለ። ሰማችሁት? ከሲኒ ሥር ሳይነሳ ሲኒማ የሚዳኝ ሰው ተገኝቷል። ጀበናው በረካ ደርሷል፤ የእሱ ነገር ገና አቦሉም አልፈላ። ጠጋ በሉ፣ ወንበር ሳቡ፤ የዛሬው ትርዒት እዚሁ ነው፣ ትኬትም የለው።

እሺ ወዳጄ፣ የትኛው ድሮ ነው የቀረው? አድራሻውን ንገረንና ሄደን እናምጣልህ። ድሮ፣ ድሮ፣ ድሮ! የግቢው ዶሮዎች ስማቸው የተጠራ መስሏቸው በሩ ላይ ተሰብስበዋል። ወይ ጥሬ በትንላቸው፣ ወይ ጥሬ ወሬህን አብስለህ አምጣ።

ለነገሩ ድሮህን እናውቀዋለን፤ ቪዲዮ ቤት ነው። መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ ክፍል። አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን፣ የኋለኛው ልጅ ጉልበት ወገባችን ውስጥ፣ የእኛ ጉልበት የፊተኛው ልጅ ወገብ ውስጥ። ቴሌቪዥኑ ከጣሪያ ሥር ተሰቅሏል። ካሴቱ ከሰፈር ሰፈር ሲዞር ኖሮ ምስሉ በነጭ መስመር ተሸንሽኗል። ባለቤቱ መጀመሪያ ማሽኑን በመዳፉ ጠፍ ጠፍ ያደርጋል። እምቢ ካለ ትራኪንጉን ይነካካል። አሁንም እምቢ ካለ ክዳኑን ፈትቶ ሄዱን በሽቶ ይወለውላል። የማሽኑስ ሄድ በሽቶ ጠራ። ያንተ ሄድ ላይ የቀረውን መስመር በምን እንወልውልልህ?

መብራት ከጠፋ ፊልሙ አለቀ፤ ብር አይመለስም። እና አሁን መጥተህ «የድሮ ፊልም አጨራረስ ያውቅበት ነበር» ትለናለህ። የቱን አጨራረስ አይተህ? ግማሹን የጨረሰልህ ጨለማው ነው! ፊልሙ ሲቋረጥብህ እየኖርክ፣ ክርክርህም ለምን ከግማሽ እንደሚቋረጥ አሁን ገባኝ።

«ቢሆንም ታሪኩ እውነት ነበር» ይላል። ድገመው፣ ኋላ ያሉት አልሰሙህም። እውነት! እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውን «ኮማንዶ»ን አስታውስ። የደሴቱ ወታደር ሁሉ አርኖልድ ላይ ይተኩሳል። ዛፉ ይመታል፣ ግድግዳው ይመታል፣ መስታወቱ ይረግፋል። እሱ ግን ቁልፍ እንኳ አይበጠስበትም። ለነገሩ ሸሚዝም አልለበሰ። ያን የሚያህል ሰውዬ ለመሳት ራሱ ልምምድ ይጠይቃል! የሰፈር ልጅ ሕጉን በሁለት ቃል ጨርሶታል፦ አክተሩ አይሞትም። ሁለተኛው አንቀጽ፦ ቦሱ መጨረሻ ላይ ይሞታል። ሌላ አንቀጽ የለውም። የቻይናውም ያው ነው። ሃያ ሰው ይከበዋል፤ አንዱ ገብቶ ተመትቶ እስኪወድቅ አሥራ ዘጠኙ ዱላውን እያወዛወዘ ተራውን ይጠብቃል። ታክሲ ሰልፍ ላይ እንኳ እንዲህ ያለ ሥነ ሥርዓት አይተን አናውቅም።

ዛሬስ? «አይረን ማን» እ.ኤ.አ. በ2008 ጀመረ። ሰዉ 11 ዓመት ተከተለው። በ2019 «ኤንድጌም» ላይ አክተሩ ሞተ። ጀግናም ይሞታል፣ ልጁም ያለ አባት ትቀራለች። እውነት ማለት ይሄ አይደለም? ያን ሌሊት «አክተር ይገደላል እንዴ!» ብለህ ጎረቤት የቀሰቀስከው ማን ነበር? እውነት ናፈቀኝ አልክ፤ እውነት ስትመጣልህ ለቅሶ ተቀመጥክ።

«የዛሬ ፊልም መጨረሻው ከመጀመሪያው ይታወቃል።» እናንተ ሰዎች፣ ይሄን የሚለው የህንድ ፊልም እያየ ያደገ ሰው ነው! በሕፃንነታቸው የተጠፋፉ ወንድማማቾች መጨረሻ ላይ እንደሚገናኙ ያላወቀ ማነው? እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው «ያዶን ኪ ባራት» የሚገናኙት በቤተሰቡ ዘፈን ነው። በ1977ቱ «አማር አክባር አንቶኒ» ደግሞ ሦስት የተበታተኑ ወንድማማቾች፣ ሳይተዋወቁ፣ ሆስፒታል ጎን ለጎን ተኝተው፣ በአንድ ጊዜ ለአንዲት ሴት ደም ይለግሳሉ። ሴትየዋ ማን ናት? በል ገምት። አዎ፣ እናታቸው! እኔ ያንን ትዕይንት እወደዋለሁ። አንዱ ሂንዱ፣ አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ክርስቲያን ሆነው ያደጉ ልጆች ደማቸው አንድ ብልቃጥ ውስጥ ሲገባ፣ ፊልሙ ሀገር ማለት ምን እንደሆነ ያለ ስብከት ይነግርሃል። ትልቅ ሥራ ነው። ግን «ያልተጠበቀ» አትበለኝ። ያልተጠበቀው ያንተ እንባ ብዛት ብቻ ነው።

«የድሮው ጨዋ ነበር» ደግሞ ይለኛል። ጨዋነቱንማ አይተናል፤ ሊሳሳሙ ሲሉ ካሜራው ዘወር ይልና ሁለት አበባ ይነካካል። አንተማ ልጅ የሚወለደው ከችግኝ ጣቢያ ይመስልህ ነበር።

«ያስተምርም ነበር!» ምን ተማርክ? ካራቴ! የእናትህን መጥረጊያ እንጨት ለሁለት ቆርጠህ፣ በሰንሰለት አስረህ ኑንቻኩ ያልከው አንተ አይደለህም? መጀመሪያ የመታኸው የራስህን ግንባር አልነበረም? ብሩስ ሊ «ኤንተር ዘ ድራጎን» አሜሪካ ከመታየቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ነው ያረፈው፤ ኑንቻኩህን ሳያይ። እናትህ ግን አየች። የትምህርቱን ማዕከላዊ ጭብጥ የሰጠችህም እሷ ናት፣ በዚያው እንጨት።

ወደ ሌላው። «አሁን ሁሉም ክፍል ሁለት፣ ክፍል ሦስት ሆነ፤ ሰለቸን።» ሁለተኛ ክፍልን ደጋግሞ የተማረ ሰው ክፍል ሁለት ሰለቸኝ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጄምስ ቦንድ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ እስከ 2021 ድረስ 25 ፊልም። ታርዛንን ጆኒ ዋይዝሙለር ብቻውን ከ1932 እስከ 1948 ድረስ 12 ጊዜ ሠርቶታል፤ ያውም ልብስ ሳይቀይር! ሮኪ በ1990 አምስተኛው ላይ ደርሶ ነበር። የሮኪስ ይሁን፤ በመጀመሪያው ፊልም በነጥብ ስለተሸነፈ የመልስ ግጥሚያ ይገባዋል። አንተ በዝረራ ወድቀህ ነው የመልስ ግጥሚያ የምትጠይቀው።

ታርዛንን ካነሳን አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ይቺን ያለ ሳቅ ስማኝ። በዚያ በምትናፍቀው ድሮ ውስጥ እኛን የሚመስል ሰው ሥራው ምን ነበር? ሻንጣ መሸከም። ከነሻንጣው ገደል መግባት። ስም እንኳ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2018 «ብላክ ፓንተር» ሲወጣ ጥቁሩ ንጉሥ ነበር፤ ሻንጣም የሚያዝለት ሰው ሆነ። አዲስ አበባ የተወለደችው ሩት ነጋ በ«ላቪንግ» በዋና ተዋናይነት ለኦስካር ታጨች። ፊልም ተቀይሯል ወይ? አዎን፣ ተቀይሯል። ሻንጣውን አውርዷል። አንተ ግን ድሮህን ተሸክመህ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመሃል።

ዳኛ፣ ቁጠር! ተነሳ እንዴ? ተነሳ። «ኮፒ ነው! የዛሬዎቹ ኮፒ ያደርጋሉ!» ውይ ወዳጄ፣ ወድቀህ ብትቀር ይሻልህ ነበር። የምትምልበት እ.ኤ.አ. የ1960ው ካውቦይ «ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን» የኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራይ» ነው። ጃፓኑ በ1954 ሠራው፤ አሜሪካኖቹ ሰይፉን ነጥቀው ሽጉጥ አስታጠቁት። ክሊንት ኢስትውድን ያነገሠው የ1964ቱ ፊልምም ከዚያው ከኩሮሳዋ «ዮጂምቦ» የተወሰደ ነው፤ ጃፓኖቹ ከስሰው ካሳ ተቀብለውበታል። አየህ፣ ፊልም ሲገለበጥ ከሳሽ አለው። አንተ «ድሮ ቀረ»ን ከአባትህ ቃል በቃል ገልብጠህ ስትኖር ማንም አልከሰሰህም። አባትህም ከአባታቸው ነው የገለበጡት።

ከአያትም ወዲያ ይሄዳል። ተንቀሳቃሽ ሥዕል አዲስ አበባ ሲገባ የሚታይበትን ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» አለው። ያኔ ዘመዶችህ በሩ ላይ ቆመው ሲያማትቡ ነበር፤ አንተ ዛሬ በሩ ላይ ቆመህ ታማለህ። እ.ኤ.አ. በ1927 ፊልም መናገር ሲጀምርም በፈረንጅ አገር «በቃ፣ አበቃለት» ያሉ ነበሩ። ከተቃወሙት አንዱ ቻርሊ ቻፕሊን ነው። ተቃውሞውን ግን በሥራ አሳየ፦ በ1931 «ሲቲ ላይትስ»ን፣ በ1936 «ሞደርን ታይምስ»ን አወጣ፤ ሁለቱም ላይ ቃለ ምልልስ የለም ማለት ይቻላል፣ ሰው እስከ ዛሬ ይስቃል። ቻፕሊን ሳይናገር አሳቀ። አንተ ተናግረህ ተሳቀብህ።

«ጥቁርና ነጩ ይሻለኛል» እንዳትለኝ ብቻ። ነገርህ ሁሉ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ድሮ ነጭ፣ ዛሬ ጥቁር። ቀለም ለአገራችን ቴሌቪዥን እንኳ በደርግ ዘመን ደርሶለታል። አንተ ጋ መቼ ይደርሳል?

«አሁን ሁሉም ኮምፒውተር ነው፤ የድሮዎቹ በእጃቸው ነበር።» ይቺ ላይ ግማሽ እውነት አለችህ፤ እሷን ልልቀቅልህ። እ.ኤ.አ. በ1933 ኒው ዮርክን ያንቀጠቀጠው ኪንግ ኮንግ አንድ ክንድ የሚያህል አሻንጉሊት ነበር። ዊሊስ ኦብራየን የሚባል ባለሙያና ባልደረቦቹ እጁን ቅንጣት ታህል ይነቀንቁና አንድ ምስል ያነሳሉ። እንደገና ቅንጣት፣ እንደገና አንድ ምስል። ለአንድ ሰከንድ 24 ምስል ያስፈልጋል። እጅ እነሳቸዋለሁ። ግን የዛሬዋስ ልጅ? ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ የአንበሳ ጋማ ጸጉር በጸጉር ስታበጥር ታድራለች፤ ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ጥላው የት እንደሚወድቅ ታሰላለች። አንተ «ቁልፍ ሲነኩት ብቅ ይላል» ትላለህ። ፊልሙ ሲያልቅ የሚወርደውን የስም መዓት አንብበው፤ ያ ሁሉ ሰው ሲለፋ የከረመ ነው። ለነገሩ አንተ መቼ አንብበኸው! ስም መውረድ ሲጀምር በሩ ላይ የምትጋፋው አንተ ነህ። እዚህ ሰፈር በኮምፒውተር የተሠራ ነገር ቢኖር ያንተ ዕድሜ ነው፤ ሁለት መታወቂያ፣ ሁለት ልደት።

«ደግሞ ረዘመ! ሦስት ሰዓት ማን ይቀመጣል!» እዩት፣ አሁን ገና ራሱን በራሱ ገመድ አሰረ። «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» እ.ኤ.አ. በ1939 ሲወጣ አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። «ሾሌይ»ም ከሦስት ሰዓት ያልፋል። የ«ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» መጽሐፉማ ከሺህ ገጽ በላይ ነው። ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ እየጻፈ፣ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ወደ አማርኛ መለሰው። ወረቀት በሌለበት፣ ነገም ባልታወቀበት ቦታ! እሱ በሲጋራው ወረቀት ሺህ ገጽ ተሻገረ። አንተ አንድ ፊልም ሳትጨርስ ሲጋራ ለማጨስ ሦስቴ ትወጣለህ።

አሁን ዋናው መጣ፤ ድምፁንም ከፍ አድርጓል። «የአማርኛ ፊልምማ አይወራ! ሴራ የለው፣ ጭብጥ የለው፣ ገጸ ባሕርይ የለው፣ ልብ አያንጠለጥል!» ኧረ ቀስ! እነዚህን ቃላት ከማን ተዋስክ? ቶሎ እንመልሳቸው፣ ባለቤቱ ይፈልጋቸዋል።

ሴራ የለውም? ዕድሩ ውስጥ አንተ ከምትጎነጉነው ሴራ ጋር ከተወዳደረማ ማንም የለውም። ጭብጥ የለውም? ያለቀብህ ይዘኸው የገባኸው ጭብጥ ቆሎ ነው። ገጸ ባሕርይ የለውም? ገጽህን ስልክህ ላይ ደፍተህ ባሕርያቸውን ከየት ልታይ! ልብ አያንጠለጥልም? ልብ እንዲንጠለጠል መጀመሪያ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ያንተ የሚንጠለጠለው እግርህ ብቻ ነው፤ እሱም የፊተኛው ሰው ወንበር ላይ።

ጥፋት የለም አልልም። ጥፋቱን እንዲያውም እኔ ልንገርህ፣ አንተ አላየኸውማ። ድኻው ልጅ ቪላ ውስጥ የምትኖረውን ሀብታም ልጅ ይወዳል። የቪላው ዘበኛ ያስቃል፤ የተቀጠረው ለዚያ ነው፣ በሩን የሚጠብቅ የለም። ካፌ ይገባሉ፤ ማኪያቶው ይመጣል፣ ይጣላሉ፣ ማኪያቶው ሳይነካ ይወጣሉ። ሒሳብ የከፈለ የለም! ልጅቷ ስታለቅስ ሙዚቃው ከእሷ ብሶ ያለቅሳል፤ የምትለው አይሰማም። ከዚያ መኪና አደጋ፣ ከዚያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ይቅርታ። ይሄ ሰልችቶናል፤ ሠሪዎቹ ይስሙን። ዘበኛውን ሰው አድርጉልን። ማኪያቶውን አስጠጡልን። ሙዚቃውን ዝቅ አድርጉልንና ልጅቷን እንስማት። ይሄ ትኬት ቆርጦ፣ ቁጭ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው ያየ ሰው ትችት ነው። ያንተ የወሬ ወሬ ነው። ሲኒማን በጆሮ የምታይ ከሆነ ሬዲዮ አለልህ።

«ሁሉም አንድ ነው» ካልክ ደግሞ እንቁጠር። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. ሲሠራ ዳይሬክተሩ ግሪካዊው ላምብሮስ ዮካሪስ ነበር። ከዚያ ወዲያ በእጅ ጣት የሚቆጠር ፊልም ነው ለዓመታት የተሠራው። የፊልሙ ጥቅል ከውጭ ይገዛል፤ ተቀርጾ ሊታጠብ ውጭ አገር ይላካል፤ ምስሉ ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚታወቀው ሲመለስ ነው። አንድ ባለሙያ ዕድሜ ልኩን አንድ ፊልም ሠርቶ ዕድለኛ ይባላል። ያንተ ወርቃማ ድሮ ይሄ ነው፤ ወርቁ ያለው ላቦራቶሪው ኪስ። ዲጂታል ካሜራው ሲመጣ የሰፈሩ ልጅ ደረሰበት። ዳይሬክተር ነኝ ያለ ሁሉ ዳይሬክተር አልሆነም፣ እውነት ነው። ግን ከመቶ ሙከራ ውስጥ «ስርየት» ወጣ፣ «ረቡኒ» ወጣ። በጥቅል ፊልሙ ዘመን ቢሆን እነዚህ ሰዎች እስከ ዛሬ ላቦራቶሪ ሲለማመጡ ነበር።

ላምብሮስን ካነሳሁ አይቀር፣ እስኪ ልጠይቅህ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው ፊልም አባቱ ማነው? ዳይሬክተሩን ነው የምልህ። ዝም አልክ? ሂሩትስ ቢያንስ ጠይቃለች።

የ«ጤዛ»ን ልንገርህ። ኃይሌ ገሪማ ነው ያዘጋጀው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት አገኘ፤ በተከታዩ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫልን ታላቅ ሽልማት ወሰደ። አንበርብር የሚባል ሐኪም ጀርመን ተምሮ፣ አብዮት አይቶ፣ እግሩን አጥቶ እናቱ መንደር ይመለሳል። ወታደር እየዞረ ወጣት ያፍሳል፤ የመንደሩ ልጆች ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል። እናትየዋ ልጇን ታየዋለች፤ ሁሉን የተማረው ሐኪም የገዛ ራሱን ሕመም አያውቅም። የእኛ ቤት ታሪክ ነው፤ ያልነካው ቤተሰብ የለም። እሱን ያየ ሰው «የአማርኛ ፊልም ሁሉ አንድ ነው» ለማለት አፍ የለውም።

«እሱማ የድሮ ነው» አለኝ! ስሙት! ስታከብረው የድሮ፣ ስትንቀው የዛሬ። እንዲህ ከሆነማ አንተም ድሮ ደህና ሰው ነበርክ ማለት ነው።

እሺ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ውሰድ። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ እናቱ ሞታበት ከበጉ ጋር ዘመድ ቤት ይላካል። ልጁ ወጥ መሥራት ይችላል፤ ሳምቡሳ ጠብሶ ይሸጣል። አጎትየው ወንድ ልጅ ማጀት ምን ያደርጋል ይላል፤ በጉንም ለበዓል ሊያርደው ይፈልጋል። ቪላ የለም፣ ማኪያቶ የለም፣ አደጋ የለም። አንድ ልጅ፣ አንድ በግ፣ አንድ ቢላ። ልብ አያንጠለጥልም አልክ? በዓሉ በደረሰ ቁጥር የኔ ልብ ከበጉ ጋር ታስሮ ነበር።

ያንተን ሲኒማ ቤትም እናውቀዋለን። ሞባይል ቤት ሄደህ በፍላሽ ታስጭናለህ። ሌላው ሰው ፊልም ያያል፣ አንተ ታስጭናለህ፤ ጭነት ስለለመድክ ነው እንዳንተዛዘብ። እቤት ስትደርስ አትከፍተውም። ስልክህ ላይ አንዱ የሁለት ሰዓቱን ፊልም በአሥር ደቂቃ ይተርክልሃል፤ «ይሄ ሰውዬ ሚስቱን ገደለ፣ ይቺ ደግሞ እህቷ ናት» ይልሃል። እሱንም በእጥፍ ፍጥነት ታፈጥነዋለህ። በአምስት ደቂቃ ሦስት ሰው ሞቶ፣ ሁለት ተጋብቶ፣ አንድ ተፈትቶ አለቀ። ከዚያ ወጥተህ «ስሜት አይሰጥም» ትላለህ! ስሜት ከመግባቱ በፊት አንተ ወጥተሃል። ያየኸው ልዩ ልዩ ነገር ሁሉ በአንድ ጣት ወደ ላይ ተጠርጎ ሄዷል። ጣትህ ፊልም ሃያሲ ሆነ፣ አንተ ረዳቱ።

እንግዲህ ምን ተቀየረ ካላችሁኝ፣ እኔ የሚያንገበግበኝን ልናገር። ሰልፉ ተቀየረ። አዲስ ፊልም በወጣ ሰሞን ሲኒማ ቤት በር ላይ እየተጋፋን ቆመን እናውቃለን። የፊተኛው ረድፍ ቦሱን ሲሳደብ፣ የኋለኛው ሲያስጠነቅቅ፣ መሃል ያለችው ሴትዮ «ልጄ፣ አትሂድ!» ብላ ስክሪኑን ስትማጸን፣ አዳራሹ አንድ ሰው ይሆን ነበር። ከዚያ በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን መጣ፤ የቱርኩ ድራማ አማርኛ ተናገረ፣ ሰዉ እሳሎን ቀረ። ተዋናዩም ባለሙያውም ወደ ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሄደ፤ እንጀራው እዚያ ሆነ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና አዳራሹን ዘጋው። ሲከፈት ሁሉም አልተመለሰም። ቴሌቪዥኑን አልኮንንም፣ ጥሩ ሥራ ወጥቶበታል። ግን አዳራሽ ሲቀዘቅዝ ለአዳራሽ ፊልም የሚሠራው ሰው ገንዘቡን ከየት ያምጣ? ከትኬቱ ሲኒማ ቤቱ ያነሳል፣ ግብሩ ይነሳል፤ ለሠሪው የሚደርሰው የቀረው ነው። ከፍላሹ የሚደርሰው ደግሞ ባዶ ነው። አንተ በነጻ አስጭነህ «ጥራት የለውም» ትላለህ። ጥራቱን የጫንከው አንተ ነህ፣ ፍላሽህ ላይ!

ኃይሌ ገሪማን ሌላ ጊዜም ላንሳልህ፣ ይገባሃልና። «ሳንኮፋ»ን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲጨርስ አሜሪካ ውስጥ አከፋፋይ አጣ። የባርነት ታሪኩን ለማሳየት የደፈረ አልተገኘም። ቁጭ ብሎ «ፊልም ድሮ ቀረ» አላለም። ሲኒማ ቤት ራሱ እየተከራየ ከከተማ ከተማ ዞረ፤ ጥቁሩ ሕዝብ በቤተሰብ እየወጣ ተሰልፎ አየለት። በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሠፈር በፊልሙ ስም የመጻሕፍትና የቪዲዮ ሱቅ ከፈተ። ፊልሙን ያዳነው ተመልካች ነው፣ ትኬት የቆረጠ ተመልካች። አንተን አንድ ፌርማታ እንድትሄድ ሦስት ሰው ይለምንሃል።

ስለዚህ እናንተ ቆማችሁ የምትሰሙ፣ «የአማርኛ ፊልም አይረባም» የሚል ሲያጋጥማችሁ ለመጨረሻ ጊዜ ትኬት ቆርጦ ያየውን ፊልምና የዳይሬክተሩን ስም ጠይቁት። ከመለሰ አብራችሁት ተከራከሩ፤ ሐሳቡ ይጠቅማል። ካልመለሰ ጊዜያችሁን አታባክኑ። ቅዳሜ ከሰዓት የሚታየውን የአማርኛ ፊልም ምረጡ፣ ትኬት ቁረጡ፣ ስልካችሁን አጥፉ፣ ስሞቹ ወርደው እስኪያልቁ ከወንበራችሁ አትነሱ። ካልወደዳችሁት ለሠሪው ፊት ለፊት ንገሩት። ይሄን የሲኒ ሥር ሃያሲም ይዛችሁት ኑ፤ የራሱን ትኬት ግን ራሱ ይቁረጥ።